ጥፋተኛው የበቀለው አጥንት አይደለም

ወንድሜ፣ «ተረከዝ የሚያመው አጥንት በቅሎ ነው፤ ካልተቆረጠ አይድንም» ያልከው ልክ አይደለም። ያ አጥንት ምንም በማያማቸው ሰዎች ራጅ ላይም ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚያመው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ወፍራም ጅማት ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ የመጀመሪያው እርምጃ ሚስማር የረገጥክ ያህል የሚወጋው፣ ሲያርፍ ያደረው ጅማት ድንገት ስለሚለጠጥ ነው።

እኔን የጀመረኝ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ በሳሳ ነጠላ ጫማ ሽቅብ ቁልቁል። (ሊፍት እንዳትለኝ!) ጠዋት ሳልነሳ የእግር ጣቶቼን በምለብሰው ነጠላ ጠልፌ ወደ ራሴ እስባለሁ። ማታ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በእግሬ አንከባልላለሁ። ቤት ውስጥም ባዶ እግሬን አልሄድም። ወራት ፈጀብኝ፣ ግን ለቀቀኝ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በ12 ወር ውስጥ ይሻለዋል። ካበጠ ወይም ከደነዘዘ ግን ሐኪም ይየው።