የአቪዬሽን ደኅንነት ሥልጠና ከአለቃው ይጀምር

የአሜሪካ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ መሠረት የተሰየመ የባለሙያዎች ቡድን የቦይንግን የደኅንነት አሠራር መርምሮ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ሪፖርቱን ይፋ አድርጓል። 27 ግኝቶችና 53 ምክረ ሐሳቦች ከያዘው ከዚህ ሰነድ አንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። የኩባንያው የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት፣ ማለትም አደጋ ከመድረሱ በፊት ስጋትን ለይቶ የሚከላከልበት አሠራር፣ በወረቀት ላይ ከዓለም አቀፉ መመዘኛ ጋር ይጣጣማል፤ ሠራተኞቹ ግን በሥርዓቱ ውስጥ የራሳቸው ድርሻ ምን እንደሆነ በቅጡ አልተረዱም። መመሪያውም ሥልጠናውም የተወሳሰበና በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለሆነ ግራ አጋብቷቸዋል።

ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን እንደ ሩቅ አገር ዜና አንብበን ልናልፈው አንችልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ከተነሳ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ተከስክሶ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቷል። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የደፈቀው ሥርዓት ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ በሚመጣ መረጃ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ፣ ያ አንድ ጠቋሚ ቢበላሽ ለአደጋ እንጋለጣለን ወይ ብሎ በጽሑፍ ጠይቋል። ጥያቄው በጊዜው ተነስቷል፤ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው የሚከታተለው ግን አላገኘም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ የደኅንነት አስተዳደርን የሚመለከቱ ድንጋጌዎቹን እ.ኤ.አ. በ2013 አባሪ 19 በሚባለው ሰነድ ሰብስቧቸዋል። አየር መንገዶች፣ የጥገና ድርጅቶች፣ አውሮፕላን አምራቾች፣ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ሰጪዎች፣ ኤርፖርቶችና የበረራ ማሠልጠኛዎች ሁሉ ይህን ሥርዓት እንዲዘረጉ ይጠበቃል። ሥርዓቱ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ የአመራሩ ፖሊሲ፣ የስጋት አያያዝ፣ የአፈጻጸም ክትትልና ደኅንነትን ማስረጽ። ሥልጠና የሚገኘው በአራተኛው ውስጥ ነው። ብዙ ድርጅት ዘንድም መጨረሻ ላይ የሚታወሰው እሱ ነው፤ ሁለት ቀን በአዳራሽ ተቀምጦ ስላይድ ማየት፣ ፈተና መውሰድ፣ የምስክር ወረቀት መቀበል፣ ከዚያም ወደ ነበረበት ሥራ መመለስ።

ሥርዓቱ ለምን እንዳስፈለገ ለሠልጣኝ ማስረዳት ለሚፈልግ ሰው፣ ከምሰሶዎቹ ዝርዝር ይልቅ አንድ ታሪክ ይበቃዋል እላለሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብሊው.ኤ. በረራ 514 ወደ ዋሽንግተን ደላስ ኤርፖርት ሲያርፍ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚገኝ ተራራ ጋር ተጋጨና የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አብራሪዎቹ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የተሰጣቸውን ፈቃድ ወዲያውኑ ዝቅ ማለት እንደሚቻል አድርገው ተረድተውት ነበር። በምርመራው የተገኘው ግን ከዚህም የከፋ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው የመረዳት ስህተት፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስተውት አልፈዋል። እነሱም አልደበቁም፤ ለድርጅታቸው ሪፖርት አደረጉ፣ ድርጅታቸውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው የዩናይትድን አጥር ተሻግሮ የሌላው ድርጅት አብራሪዎች ዘንድ አልደረሰም። 92 ሰው የሞተው ሌላ ሰው አስቀድሞ በሚያውቀው አደጋ ነው። ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በአሜሪካ ማንኛውም የአቪዬሽን ባለሙያ ማንነቱ ሳይገለጥ ያየውን ስጋት የሚያሳውቅበት ብሔራዊ የሪፖርት ሥርዓት ተቋቋመ። ሪፖርቶቹን እንዲቀበል የተመረጠውም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን የመቅጣት ሥልጣን የሌለው የጠፈር ምርምር ድርጅት፣ ናሳ፣ ነው። አብራሪ ፈቃዱን ሊነጥቀው ለሚችል አካል ስህተቱን በገዛ እጁ ጽፎ አይሰጥምና።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከቅጣት ፍርሃት በተጨማሪ ይሉኝታ አለ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የሰማ ልጅ አድጎ ረዳት አብራሪ ወይም ጀማሪ ቴክኒሺያን ይሆናል። ሥልጠናው ይህን አስተዳደግ እንደሌለ ቆጥሮ «ስጋት ስታይ ተናገር» ብቻ ቢለው አይናገርም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴነሪፍ ላይ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬ.ኤል.ኤም. የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቋል። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለትና ጉዞውን ቀጠለ። ያ ካፒቴን የድርጅቱ አንጋፋ አሠልጣኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ መሠልጠን ያለባቸው ሪፖርት የሚቀበሉት ናቸው እላለሁ፤ የፈረቃ ኃላፊው፣ ዋና ካፒቴኑ፣ የክፍል ሥራ አስኪያጁ፣ ከሁሉም በላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚው። እነዚህን ሰዎች ስለ አባሪ 19 ታሪክ ማስተማር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከፊታቸው አንድ ቴክኒሺያን ተቀምጦ «ትናንት ማታ የፈረምኩበትን ሥራ በትክክል መጨረሴን እጠራጠራለሁ» ሲላቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ ደጋግመው ይለማመዱ። አውሮፕላኑ ይቁም የሚለው ትእዛዝ ከማን አፍ ይወጣል? ቴክኒሺያኑስ በማግስቱ እንዴት ይታያል? ሆን ብሎ ሕግ የጣሰን፣ ደክሞት ከተሳሳተው መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በልምምድ እንጂ በቅን ልቦና ብቻ አይገኝም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አዲስ አበባ ሲደርስ መውረድ ሳይጀምር ማለፉ፣ ተቆጣጣሪዎችም አብራሪዎቹን ማግኘት እንዳቃታቸው ይታወሳል። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል፤ አውሮፕላኑ በኋላ በሰላም አርፏል። አየር መንገዱ ሠራተኞቹን ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ማገዱን አስታውቋል፤ እርምጃው ተገቢ ነው። በደኅንነት አስተዳደር የሠለጠነ ሰው ግን ጥያቄውን እዚያ ላይ አያቆምም። የሳምንቱ የበረራ መርሐ ግብር እንዴት ወጣ? ደክሞኛል ብሎ በረራ የሚመልስ አብራሪ ምን ያጋጥመዋል? ከዚያ በፊት ስለ ድካም ስንት ሪፖርት ደርሶ ነበር?

ሌላው ሥልጠናው የሚረሳው ሜዳ ላይ ያለውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሪስ ላይ ኮንኮርድን ያወደመውና 113 ሰዎችን የገደለው አደጋ የጀመረው ከሌላ አውሮፕላን ወድቆ ማኮብኮቢያው ላይ ከቀረ ቁራጭ ብረት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ ማየት የሚችለው ጫኙ፣ ጠራጊው፣ ነዳጅ ቀጂው ነው። የሪፖርት ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ እነዚህን ሰዎች ከሥርዓቱ አስወጥተናቸዋል ማለት ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ፤ መጻፍ የማይመቸውም በስልክ ይናገር። የበረራው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ለዚህ ምክንያት አይሆንም።

የማስተማሪያ ምሳሌም ከራሳችን አናጣም። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ንዶላ፣ ዛምቢያ፣ የተላከ የኢትዮጵያ የጭነት አውሮፕላን ገና በግንባታ ላይ በነበረው አዲስ ኤርፖርት በስህተት አርፏል። ማንም ስላልተጎዳ ብዙዎች በሣቅ አለፉት፤ ለእኔ ግን ይህ የአንድ ሙሉ ቀን የሥልጠና ርዕስ ነው። ነባር ኤርፖርት እየሠራ ከአጠገቡ አዲስ ሲገነባ የሚመጣውን ስጋት ማን ቀድሞ ይለያል? ለአብራሪው ማን ይነግራል? በቢሾፍቱ አካባቢ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ለታቀደው ኤርፖርት ይህ ጥያቄ ዛሬ ነው መነሳት ያለበት። የሚሠሩበት ተቆጣጣሪዎች፣ ቴክኒሺያኖችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሪባን ሲቆረጥ ሳይሆን ንድፉ ሳያልቅ ይሠልጥኑ።

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ድርጅቶችን ሲመረምር የሠልጣኞችን የስም ዝርዝርና ፊርማ አይቶ አይርካ። ከሥልጠናው በኋላ በነበሩት ስድስት ወራት ስንት ሪፖርት እንደመጣ፣ ከየትኛው የሥራ ክፍል ምንም እንዳልመጣ፣ ለሪፖርት አቅራቢውም በስንት ቀን ምን መልስ እንደተሰጠው ይጠይቅ። ምንም ሪፖርት የማይመጣበት ክፍል ካለ ምርመራውን ከዚያ ክፍል ኃላፊ ቢሮ ይጀምር።