ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም

የእኅቴ ልጅ ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያነሣውን ፎቶ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ላከ። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። ከሥሩ «የጎጃም አደይ አበባ» ይላል። ዘመዱ ሁሉ «ዋው» አለ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ኑግ ነው» ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ኑግ! ሰው አርሶ የዘራው፣ ዘይት የሚጨመቀው ኑግ!

ሲያነሣው አብሬው ነበርኩ። የያዘው ክንድ የሚያህል ቴሌፎቶ ሌንስ ነው፤ 200 ሚሊ ሜትር። የዚህ ሌንስ ጥበቡ ራቅ ብለው ሲቆሙ ተራርቆ የበቀለውን አቀራርቦ ምንጣፍ ማስመሰሉ ነው። ልጁ ግን ማሳው መሀል ገባ። እንዲህ ያለ ሌንስ ደግሞ አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር አጥርቶ አያነሣም። አበባው ደበዘዘበት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። አሁንም ደበዘዘ፤ ሌላ እርምጃ። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ የሰው ኑግ በተረከዙ ወቃው።

ባለማሳው ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። «አንተ፣ ከብት ነህ ሰው?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንቱስ፣ ትልቅ ሰው አይደሉም? ቆመው ያያሉ?»

ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ፣ አብረህ ተወቀጥ ማለት ይኼ ነው። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ ግን ሰሊጡ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰሊጥ የመተማና የሑመራ ቆላ ልጅ ነው፤ እዚህ ድረስ መጥቶ የኑግ ሙቀጫ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ማን ጠራው? ኑጉማ ወጉ ነው። እናቴ በጾም ቀን ምጣድ ላይ አምሳ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ካጠለለችው በኋላ እንጀራ ትፈተፍትበት ነበር፤ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ሰሊጡን ግን ማንም አልጠየቀውም።

አብሮ መወቀጥ ሲነሣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ትዝ ይለኛል። መዋጮዬን ከሁሉ ቀድሜ ከፍዬ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ከሚዜዎቹ ጀርባ ተገትሬ ዋልኩ። ባለካሜራው እንዲሁ ረጅም ሌንስ ይዞ ነበር። አልበሙ ሲመጣ የሙሽሪት ጉትቻ ቁልጭ ብሏል፤ ከኋላዋ አንድ የተድበሰበሰ ቡናማ ነገር አለ። ያ ቡናማ ነገር እኔ ነኝ። ብጠይቀው «ጀርባው ሲደበዝዝ ነው የሚያምረው» አለኝ። ከመዋጮ ላይ ሲሆን ማንም አላደበዘዘኝም!

የእኅቴን ልጅ ስቆጣው «ጋሼ፣ ውጭ አገር እኮ ሰው የበረሃ አበባ ለማንሣት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል» አለኝ። ይሄዳል። የቺሊው አታካማ በረሃ፣ ከዓለም እጅግ ደረቅ ከሚባሉት አንዱ፣ ያልተለመደ ዝናብ ሲያገኝ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በአበባ ይሸፈናል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌክ ኤልሲኖር አጠገብ ያለው ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2019 ብርቱካናማ አበባ ሲያለብሰው ሰዉ ጎርፎ አበባውን ቢረግጠው፣ ከተማው መግቢያውን እስከ መዝጋት ደርሷል። ያ እንግዲህ ማንም ያልዘራው አበባ ነው! እኚህ ሰውዬ ግን በሬ ጠምደው፣ ዘር በትነው፣ ንብ እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ናቸው። ኑግ ያለ ንብ እምብዛም አያፈራም፤ የጥቅምትና የኅዳር ማራችንም ከዚያው ከኑጉ ነው። እሱ እቴ! «ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው» ይለኛል።

ለማንኛውም በሌንሱ ጠብ የለኝም። ከአስፋልቱ ዳር ቁም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ነፋስ ካለ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታሳንሰው። አደይ ካማረህ ደግሞ በመስከረም ና፤ ድንበሩ ላይና ተረተሩ ላይ እንደልብ ነው፣ ከውሻ በቀር የሚቆጣህ የለም።