የመቀስ ሊቆች

የጅማ ሥልጠና አዘጋጆች የደረሱበትን ደረጃ የማያደንቅ ምቀኛ ብቻ ነው። ድሮ ሦስት ቀን አዳራሽ ዘግተው በስላይድ ያደርቁን ነበር። ዛሬ ያንኑ ስላይድ በድምፅ ቀድተው፣ በየሦስት ደቂቃው ቆራርጠው ቴሌግራም ላይ ይለቁልናል። ማይክሮለርኒንግ (ትምህርትን በአጭር በአጭሩ መስጠት) ማለት እንዲህ ነው እንጂ!

አንዳንድ ነገር አካባጆች አጭር ትምህርት አንድ ዓላማ ብቻ ይያዝ፣ ሐሳቡ ሲያልቅ ይቆረጥ ይላሉ። የእኛዎቹ ግን ሰዓት አክባሪ ናቸው። በቀደም ለግብርና ሠራተኞች የተላከው ክፍል 9፣ «ቀይ የቡና እሸት ለቅሞ መሬት ላይ ማስጣት» ብሎ ቀጥ አለ። «ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚለው ክፍል 10 ላይ ነው። (አማርኛም ጥፋት አለበት፤ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ምን አስቀመጠው?) ያን ማታ ኔትወርክ የከዳው ሠልጣኝ እሸቱን መሬት ላይ አሰጥቶ ቢያድር ማን ይፈርድበታል? ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይድረቅ የሚለውማ ክፍል 11 ነው።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት እየሸመደደ ራሱን ፈትኖ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላዩ እንደሚጠፋ በ1885 እ.ኤ.አ. ጽፏል። መፍትሔው በቀናት ልዩነት መከለስ ነው። የእኛ ሰዎች ለዚህ ትዕግሥት የላቸውም። ሁሉንም ክፍል ዓርብ ማታ በአንድ ትንፋሽ ያራግፉታል። ቅዳሜና እሁድ መርሳት ነው፣ ሰኞ ሥራ።

ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አሳይተዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከትውስታቸው እያወጡ ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። አዘጋጆቻችን ብልሆች ስለሆኑ ምዘናውን በ5ኛው ደቂቃ ጨርሰውታል። «ገብቷችኋል?» ይላሉ። እኛም አውራ ጣት እንልካለን። መቶ በመቶ!

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበረሰቡ ዘንድ ወርደው እየሠሩ መማራቸው ይወራል። ምን ያለ ድካም ነው? አጂፕ ካፌ ቁጭ ብሎ በቴሌግራም ማስተላለፍ እያለ፣ ጫማን ጭቃ ማስነካት ለምን አስፈለገ?

አንድ ነገር ብቻ መቀስ አልነካውም። ሰርተፊኬቱ ሙሉ ኤ4 ነው፤ ባለቀለም፣ ሁለት ማኅተም ያለው። «የሦስት ቀን ሥልጠና» ይላል።