ፋሲል ደጃፍ ላይ ፎቅ አማራችሁ?

የጎንደር ልጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የያዝኩላችሁ ዘለፋ ነው። ውዳሴ የለመደ ጆሮ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ፒያሳ ማኪያቶ ይዛችሁ የምታወሩትን እሰማለሁ። «አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ ላይ ንግድ ባንክ 209 ሜትር አቆመ፤ ባሕር ዳርም በፎቅ እየተሞላች ነው፤ እኛ እስከ መቼ በፋሲል ስም እንኖራለን?» ትላላችሁ። ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ በኮምፒውተር የተሠራ የአርባ ፎቅ ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉ ላይ መንገዱ የተጠረገ ነው፣ ዛፉ ለምልሟል፣ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። ሁላችሁም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼው ነው።

ረጅም ሕንፃ መሐል ከተማን አይለውጥም አላልኩም። ይለውጣል። በምን እንደሚለውጥ ግን ጠይቃችሁ አታውቁም። ለንደን ያለውን ሻርድ የሚባል ሕንፃ ውሰዱ። 310 ሜትር ገደማ ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የቆመውም የለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ያን ሁሉ ቢሮ፣ ሆቴልና መኖሪያ ይዞ ለመኪና የተተወለት ቦታ 48 ብቻ ነው፤ ሰው በባቡር መጥቶ በእግሩ ይግባ ተብሎ። ጣቢያውም ራሱ እስከ 2018 ድረስ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ሰፈሩ ሰው በሰው የሆነው የሕንፃው ጫፍ ስለሾለ አይደለም፤ እግሩ ሥር መጓጓዣው ስላለ ነው። እኛ ጋ አርባ ፎቅ ሙሉ ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፒያሳ በባጃጅ ሲራገፍ አስቡት።

ውኃውንስ? የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የመገጭ ግድብ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል እያያችሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጄሪካን ተሸክመው የሚወጡ እናቶች ባሉበት ከተማ አርባኛ ፎቅ ላይ ሮቶ ልትሰቅሉ ነው? ረጅም ሕንፃ ውኃውን በፓምፕ እየገፋ ነው የሚኖረው። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ሲሄድ ጀነሬተር፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ። አሳንሰሩም እንዲሁ። የእሳት አደጋ መኪናችን መሰላል ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚያበቃ ከመካከላችሁ ማን ጠየቀ?

ፓሪሶችንም አምሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሞንፓርናስ የሚባለውን 210 ሜትር ሕንፃ ከተማቸው ውስጥ አቆሙ፤ ከንግድ ባንካችን ቢበልጥ በአንድ ሜትር ነው። አራት ዓመት አልፎ በ1977 በከተማው ውስጥ ከ37 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ከለከሉ። ገንዘብ አልቆባቸው፣ መሐንዲስ ጠፍቶባቸው እንዳይመስላችሁ። ረጃጅሙን ከከተማው በስተምዕራብ ላ ዴፋንስ ወደሚባለው ሰፈር ወሰዱት፤ ዛሬ ትልልቁ ኩባንያ እዚያ ነው። ፎቅ አልጠሉም፤ ቦታ ለዩለት።

አሁን ወደ ቤታችን። የፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ፎቅ ሦስት ሜትር ከምናምን ብታሰሉት፣ ጂ ፕላስ ዘጠኝ ሲቆም ከግንቡ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው ማለት ነው። ስለ አርባ ማውራት አያስፈልግም፤ በዘጠኙ ንጉሡን ጎረቤት ታደርጉታላችሁ፣ በአሥራ አምስቱ ጓሮ። ዛሬ ከጃንተከል ዋርካ በኩል ቀና ያለ ሰው የማዕዘኑን ክብ ጉልላቶች የሚያየው ከኋላቸው ባዶ ሰማይ ስላለ ነው። ያ ሰማይ በካርታ አልተመዘገበም፣ በሊዝም አልተሸጠም፤ ግን የግንቡ ነው። ጣልያን እንኳ (ጠላት ነው፣ አልመርቀውም) ፒያሳን ሲሠራ ሲኒማውንና ፖስታ ቤቱን ዝቅ አድርጎ ነው ያስቀመጣቸው። ኋላ የፋሲልን ግቢ መምሪያው አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ ቦንብ አስጠራበት። ከዚያ የተረፈውን እናንተ በሰማያዊ መስታወት ልትጋርዱት ነው።

«ዩኔስኮ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ፋሲል ግቢ ከነቁስቋሙ፣ ከነደብረ ብርሃን ሥላሴው፣ ከነመዋኛው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። መዝገቡ ደግሞ የሰጠውን ይነሣል። ድሬስደን የምትባለው የጀርመን ከተማ በ2009 ለአንድ ድልድይ ብላ ስሟን አስፋቀች። ሊቨርፑል በ2021 ወደቧ ዳር በሚሠሩት አዳዲስ ግንባታዎች ምክንያት ተሰረዘች። የቪየና መሐል ከተማ በረጅም ሕንፃ ዕቅድ የተነሣ በ2017 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ጀርመኖቹና እንግሊዞቹ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው። ጎብኚ ከራቀን ወዲህ አስጎብኚውም፣ የጥልፍ ሻጩም፣ የሆቴሉ አስተናጋጅም እንዴት እንዳሉ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አሁን መንገዱ ሰፍቶ፣ ግንቡ ታድሶ እንግዳ ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ ለማየት የሚመጣበትን ነገር መጋረድ ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

ደግሞስ ያሉንን ሕንፃዎች ምን አደረግናቸው? ኑ አንዱን እንየው። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቱ ራሱን ያውቃል። ጂ ፕላስ አምስት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ማዶ ያለችው የጉሊት ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ትከልላለች። የመግቢያው ደረጃ የእግረኛውን መንገድ ቆርጦት ወጥቷል፤ ስለዚህ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አስፋልት ላይ ወርዶ ከባጃጅ ጋር ይጋፋል። ከደረጃው ጎን ጀነሬተር በብረት ፍርግርግ ተቆልፎበት ቆሟል። ግራውንዱ ባንክ ነው፣ በላዩ ካፌ፣ ከዚያ በላይ «የሚከራይ» የሚል ጨርቅ ፀሐይ አንጥቶታል። ሌላው ባዶ ነው። ጣሪያው ላይ ፌሮው ተገትሯል፤ «ወደፊት እጨምርበታለሁ» ነው ነገሩ። ቤዝመንቱ ፕላኑ ላይ ፓርኪንግ ተብሎ ነው የጸደቀው። ዛሬ የሲሚንቶና የዘይት መጋዘን ነው፤ መኪናው ሁሉ አስፋልት ላይ። ይህን የሚያይ ሹም ዝም፣ እናንተም ዝም፤ የአጎት ልጅ ነዋ።

አምስት ፎቅ መሙላት ያቃተው አርባ ሲያገኝ ምን ሊያደርገው ነው? መሐል ከተማ የሚሞቀው በግራውንዱ ነው፤ በሩ ወደ መንገድ የተከፈተ ሱቅ፣ ጥላ፣ መቀመጫ፣ ሰው የማያፍርበት መጸዳጃ፣ ማታም ሰው የሚያድርበት ቤት ሲኖር። ባንክ ማታ በሩን ይዘጋል፣ ከዚያ የሚቀረው ዘበኛና ውሻ ነው። ለጥምቀት ሰሞን ብላችሁም የአርባ ፎቅ ሆቴል አትመኙ፤ ለእንግዳው ቤታችሁን ለቃችሁ አልጋ ስታከራዩ የኖራችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ከፒያሳ ጀርባና አራዳ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚኖሩት እናቶችስ? ሥዕሉ ላይ አልታዩኝም።

ፎቁ የግድ ከሆነ ወደ ማራኪ በኩል አውጡት። ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው፣ ቤት ፈልጎ የሚንከራተት ተማሪና ሠራተኛም እዚያ ሞልቷል፤ ተከራይ ፍለጋ ጨርቅ አትሰቅሉም። አዘዞ ድረስ ግን አትውረዱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አለ፣ እሱም የራሱ የከፍታ ሕግ አለው። ማራኪ ላይ ሲሠራም ውኃው ቀድሞ ይቅረብ፣ የታክሲው መጫኛ ቀድሞ ይለይ፣ ፓርኪንግ የተባለው ፓርኪንግ ይሁን። ፒያሳን ደግሞ ጠግኑት። ዝቅ ያለ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ቀለሙን መልሱለት፣ የረገፈውን ልስን ምረጉለት፣ በረንዳውን ከጀነሬተር አጽዱለት።

ሹሞቹን ብቻ እየዘለፍኩ እንዳይመስላችሁ። የፕላን ውይይት ተብሎ ቀበሌ ሲጠራችሁ ግማሻችሁ አትሄዱም፣ የሄዳችሁት ሻዩና ውኃው ሲታደል ነው የምትነቁት፣ ከዚያ በጭብጨባ አጽድቃችሁ ትወጣላችሁ። በማግሥቱ «ማንም አላማከረን» ትላላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕሉን ሲዘረጉላችሁ ሦስት ነገር አስቀርቡ። ቁመቱ በሜትር ስንት ነው? ከጃንተከል፣ ከጎሐ ተራራና ከቁስቋም ቆመን ስናይ ግንቡን ይሸፍናል አይሸፍንም፣ በሥዕል ይታየን። ውኃው ከየት ነው? መልሱ «በሂደት ይታያል» ከሆነ አታጨብጭቡ፤ ተቃውሟችሁን በቃለ ጉባኤው ላይ በስማችሁ አስመዝግቡ።