ጎተራው ዛፉ ላይ ነው

ባለፈው የእመቤታችን ማኅበር መራዊ ተሰብስበን ሳለ ስለ አቮካዶ የተነሣው ክርክር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ የተባለውን በተባለበት ቅደም ተከተል ጽፌ፣ በመጨረሻ የራሴን ፍርድ ላክልበት ወደድሁ። የተናጋሪዎቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚያውቁትን የተናገሩ፣ እርስ በርስም የሚከባበሩ ሰዎች ናቸው።

መራዊን ለማያውቅ ሰው፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ወይና ደጋ ላይ የተቀመጠች የገበሬ ከተማ ናት። እኛ ልጆች ሳለን ገበያዋ የሚታወቀው በበቆሎ፣ በዳጉሳና በበርበሬ ነበር። ወደ ግልገል አባይ የሚገባው የቆጋ ወንዝ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የታቀደው የመስኖ አውታር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በጋ ላይ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ይታፈሳል፤ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዛሬ የከተማዋን ስም ሩቅ የወሰደው አቮካዶ ነው።

ክርክሩን የቀሰቀሰችው ባሕር ዳር ላይ ጭማቂ ቤት ያላት እኅታችን ናት። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ከዘንቢሏ ሁለት አቮካዶ አውጥታ ሰፌድ ላይ አኖረች። ሁለቱም ሃስ የሚባለው፣ ቆዳው ሻካራ የሆነና ሲበስል የሚጠቁረው ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም ከቆጋ ማሳ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱንም ዐሥር ቀን ጭድ ውስጥ አኑራቸዋለች። የመጀመሪያውን ስትሰነጥቀው ቢላው ያለ ችግር ገባ፤ ሥጋው ከዳሩ አረንጓዴ፣ ከመሐሉ ቢጫ ሆኖ እንደ ለጋ ቅቤ ታየ፤ ዘሩ በጣት ሲነካ ወጣ፤ ዘሩን የለበሰው ስስ ሽፋንም ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተረገፈ። ሁለተኛው ቆዳው ተጨማዶ ነበር። ቢላውን እንደ ጎማ ታገለው፤ የዘሩ ሽፋን ነጭና ወፍራም እንደሆነ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

«ሁለቱን የገዛሁት በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ ነው» አለች። «ከዚህ ከሁለተኛው የጨመቅሁለት ደንበኛዬ መረረኝ ብሎ ብርጭቆውን መለሰልኝ። የመራዊ አቮካዶ ነው እያልሁ ስሸጥ የኖርሁት ሴት፣ አሁን ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁኝ ዝም ማለት ጀምሬያለሁ።»

በጡረታ ላይ ያሉት መምህር ቀድመው መለሱ። የቆላ ፍሬ በወይና ደጋ መሬት ላይ መትከል ከመጀመሪያውም ስሕተት ነው፤ ግድቡ የተገደበው ለእህል ነው፤ ስንዴ ጎተራ ገብቶ የዋጋውን ቀን ይጠብቃል፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም መኪና ቢጠፋ ቤተ ሰቡ ይበላዋል፤ አቮካዶ ግን በሳምንቱ ስለሚበላሽ ገበሬው የነጋዴ እጅ ጠባቂ ይሆናል አሉ። «መንገድ በተዘጋ ጊዜ በየደጁ ተከምሮ የበሰበሰውን ሁላችሁም አይታችኋል። ስንዴ ሲበሰብስ ግን ያየ አለ?» ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ። ለጊዜው የመለሰላቸው አልነበረም።

ወጣቱ የግብርና ባለሙያ በአክብሮት ነው የተነሣው። «መምህር፣ የቆላ ፍሬ የሚለው ስም ነው ያሳሳተዎት» አለ። አቮካዶ የተገኘው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ መሆኑን፣ ሃስ ደግሞ የሜክሲኮና የጓቲማላ ደጋማ ዝርያዎች ደም የተቀላቀለበት መሆኑን፣ ስለዚህም የመራዊን የመሰለ ቀዝቀዝ ያለ አየር እንደሚስማማው አስረዳ። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1935 ካሊፎርኒያ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያገኘው ሩዶልፍ ሃስ የተባለ ፖስታ አመላላሽ ከተከላት አንዲት ዛፍ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ ከእርሷ ቅርንጫፍ እየተወሰደ ሲዳቀል የመጣ ነው። ዘሩን ብንተክል እናቱን የሚመስል ፍሬ አናገኝም፤ የተዳቀለ ችግኝ የምናከፋፍለውም ለዚህ ነው አለ። ሙቀት የሚሻው ማንጎ ነው፤ እርሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ላይ በታየው ነጭ ቅርፊት ለባሽ ተባይ ምክንያት የብዙ ገበሬ ራስ ምታት ሆኗል ብሎ ይህንን በአጭሩ አለፈው።

ከዚህ በኋላ የተናገሩት ባለ ማሳው አዛውንት ናቸው። እርሳቸው ሲናገሩ ማንም አያቋርጣቸውም። «መምህር፣ እኔ አቮካዶ የተከልሁት ስንዴ ነቅዬ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ነቅዬ ነው» አሉ። መራዊ ባለችበት በሜጫ ምን ያህል የእርሻ መሬት በባሕር ዛፍ እንደተያዘ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ ከተተከለ አራት ወይም አምስት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፤ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አራሽ አይፈልግም፤ በጎኑ የተዘራው እህል ግን ይቀጭጫል። አዛውንቱ አንዱን ቃዳ መሬት ከጉቶ ለማጽዳት ከልጃቸው ጋር ሁለት በጋ ፈጅቶባቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ በቀኝ መዳፋቸው ላይ መጥረቢያው የተወው ጠባሳ ገና አልጠፋም። በዚያች ሩብ ሄክታር ላይ በየ7 ሜትሩ 50 የተዳቀለ ችግኝ ተከሉ፤ ዛፎቹ እስኪያድጉ ድረስ በመካከላቸው ባቄላና ድንች አበቀሉ።

«የመጀመሪያው ዓመት አስተማረኝ» ሲሉ ቀጠሉ። «ረባዳው ላይ የተከልኋቸው ክረምቱ ሲገባ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነና አንድ በአንድ ሞቱ። አቮካዶ ውኃ ይወዳል፤ የቆመ ውኃ ግን ይገድለዋል። ሥሩ ወደ ታች አይሄድም፤ እንደ ምንጣፍ ላይ ላዩን ነው የሚነጠፈው። አፈሩን ከፍ አድርጌ መደብ ሠርቼ፣ በጎኑ ፈሰስ ቀድጄ ስተክለው ያዘልኝ።» ባለሙያው ራሱን እየነቀነቀ አረጋገጠላቸው፤ ውኃ ያዘለ አፈር ሥር የሚያበሰብስ በሽታ እንደሚጠራም ጨመረ።

ፍሬ የሚገዛው ነጋዴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሁሉም የሁለተኛውን ፍሬ ጥፋት በእርሱ ላይ ሊጥሉት እንደሆነ ስለገባው በግልጽ ተናገረ። «አያ፣ ሰኔ ላይ የማዳበሪያ ገንዘብ ሲያጥርዎት ማን ሰጠዎት? መስከረም ላይ የልጆቹ ደብተር ሲገዛስ? እኔ ነኝ ቀብድ ይዤ የመጣሁት። ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ በግምት ስገዛ በረዶው፣ ሌባው፣ የዋጋ መውደቁ በእኔ ላይ ነው። ገንዘቤን አውጥቼ ልጠብቅ ብል ሌላው ቀድሞ ለቅሞ ገበያ ይገባል፤ መጀመሪያ የገባ ነው ጥሩ ዋጋ የሚያገኘው።» ለቃሚዎቹ የሚከፈላቸው በሳጥን ስለሆነ በዱላ እያወረዱ እንደሚሞሉም አልደበቀም። እውነቱን በመናገሩ አከበርሁት።

«ታዲያ እኔ ያልሁት ይኸው አይደል?» አሉ መምህሩ። «ጎተራ የሌለው ሰብል ገበሬውን ያስገዛዋል።»

ክርክሩ ፍሬ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው «ጎተራማ አለው» ብሎ ተነሣ። በእኛ አነጋገር ሰብል ደረሰ ስንል በሰለ ማለታችን ነው፤ በአቮካዶ ግን መድረስና መብሰል ሁለት ነገር ናቸው። አቮካዶ ዛፉ ላይ ይደርሳል እንጂ ዛፉ ላይ አይበስልም፤ መለስለስ የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የደረሰ ሃስ ሳይለሰልስ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ እንዲያውም በቆየ መጠን ቅባቱ ይጨምራል። ሳይደርስ የተቆረጠ ግን ጭድ ውስጥ ቢከርምም ይጨማደዳል እንጂ በወጉ አይበስልም፤ ሰፌዱ ላይ ያለው ሁለተኛው ፍሬ የዚህ ምስክር ነው። መድረሱን ለማወቅ ከየማሳው ጥቂት ፍሬ ቆርጦ የዘሩን ሽፋን ማየት ይረዳል። ከዚያ የጠነከረው መንገድ ሥጋውን ፈቅፍቆ መዝኖ፣ አድርቆ እንደገና መመዘን ነው፤ ከ100 ግራም ቢያንስ 21 ግራም ያህል ደረቅ ነገር ካልቀረ ፍሬው አልደረሰም፤ ለውጭ ገበያ የሚገዙ ሰዎች ከዚያም ከፍ ያለ ይጠይቃሉ። ሲቆረጥም በመቀስ ተይዞ አጭር እንጨቱ ከፍሬው ጋር መቅረት አለበት፤ ተጎትቶ የተነቀለ ፍሬ ብስባሹ የሚጀምረው ከዚያች ከተከፈተች ቀዳዳ ነው።

መምህሩ በቀላሉ አልተረቱም። ፍሬው ዛፉ ላይ እስከ መጨረሻው ከቆየ ዛፉ ደክሞ በሚቀጥለው ዓመት ጥቂት ብቻ እንደሚያፈራ ከሌላ ማሳ ሰምተው ነበርና ይህንን ጠየቁ። ባለሙያው እውነት መሆኑን አመነ፤ ለዚህም ፍሬውን በሁለት ወይም በሦስት ዙር መልቀም ይገባል አለ። አዛውንቱ ደግሞ የተንጠለጠለ ፍሬ ጠባቂ እንደሚፈልግ፣ ሌሊት ሌሊት ልጃቸው ማሳው ዳር ጎጆ ሠርቶ እንደሚያድር ነገሩን። ከዚያም ለአፍታ ዝም ብለው ቆዩና ዝቅ ባለ ድምፅ «እታለም፣ ሁለተኛው ፍሬ ምናልባት ከእኔ ማሳ ይሆናል» አሏት። «ዘንድሮ ቀብድ በልቼ ስለነበር ነጋዴው በመጣበት ቀን አልደረሰም ብዬ ልመልሰው አልቻልሁም።» ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱን ዘሮች ከነሽፋናቸው ለምነው፣ ለልጃቸው ሊያሳዩት በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሯቸው።

አሁን የእኔን ፍርድ ልናገር። መምህሩ ስለ መንገዱ የተናገሩት እውነት ነው፤ የቆጋ ውኃ በሙሉ ወደ ዛፍ ቢዞር፣ መንገድ በተዘጋ ዓመት ቤተ ሰብ የሚበላው ያጣል። ስለዚህ በየገበሬው ማሳ ስንዴውና ድንቹ ቦታቸውን ይዘው መቆየት አለባቸው፤ ዛፉ የሚተከለው አዛውንቱ እንዳደረጉት ከባሕር ዛፍ በተነጠቀ መሬት ላይ ቢሆን እወዳለሁ። ጎተራ የለውም ባሉት ግን ተሳስተዋል። ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያመርት ገበሬ ያልተሰጠ ዕድል ለአቮካዶ ገበሬ ተሰጥቶታል፤ ገበያው ሲከፋ መንገዱም ሲዘጋ ፍሬውን ዛፉ ላይ ትቶ መጠበቅ ይችላል። በየደጁ ተከምሮ የበሰበሰው ፍሬ የበሰበሰው ስለተቆረጠ ነው።

የመራዊን ስም እያበላሸ ያለው በሰኔ የተቀበሉት ቀብድ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጋዴውን ገንዘብ አበደረ ብዬ አልወቅሰውም፤ ሌላው ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ወር የመጣ እርሱ ነው። ነገር ግን ቀብዱ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመቁረጫውን ቀን አብሮ ሲገዛ፣ ገበሬው ጎተራውን ከነቁልፉ አስረክቧል ማለት ነው። የመቁረጫው ቀን በገበሬው እጅ መቅረት አለበት፤ ውል የሚጻፍም ከሆነ ይህ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ። ለቃሚም በሳጥን ሳይሆን በቀን ይከፈለው፤ ያኔ ዱላውን ትቶ መቀስ ለማንሣት ጊዜ ይኖረዋል። እኅታችንም ብትሆን የደረሰውንና ያልደረሰውን በአንድ ዋጋ መግዛቷን መተው ይገባታል፤ ከመክፈሏ በፊት ከየሳጥኑ አንድ ፍሬ ሰንጥቃ የዘሩን ሽፋን ብታይ፣ ጠብቆ የቆረጠው ገበሬ የመጠበቁን ዋጋ ያገኛል።

አዛውንቱን ያስቸገራቸው ገንዘብ ትልቅ ገንዘብ አልነበረም። የማኅበራችን ዕቁብ በአንድ ዕጣ የሚያወጣው ብር ለማዳበሪያውም ለደብተሩም ይበቃ ነበር። ዕጣው እስካሁን በዕድል ሲወጣ ኖሯል፤ የሰኔንና የመስከረምን ዕጣ ፍሬያቸው ገና ዛፍ ላይ ላለ አባላት ብናስቀድም ማንም ቀብድ ለመብላት አይገደድም። ይህንን ለማኅበሩ አቅርቤያለሁ፤ አንዳንዶቹ ሥርዐቱን ያፈርሳል ብለው ስለተቃወሙ እስከሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። እስከዚያው ድረስ የመስከረሙ ዕጣ ለእኔ ቢወጣ ለአዛውንቱ እንደምለቅላቸው በሁሉም ፊት ተናግሬያለሁ።