ቁጥር 10ን ዘላችሁ ቁጥር 11ን አትጥቀሱ

ወገኖቼ፣ ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ በመካከላችሁ ጥቂት ነው። የሚኒባስ መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ የሠርግ ጥሪ ላይ ታትሟል፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ ባሻቀበ ቁጥር ከስልክ ስልክ ይዞራል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የሰላም አሳብ ነው፣ ፍጻሜና ተስፋ ይሰጣል ይላል። እውነት ነው። ከበላዩ ያለውን ቁጥር 10ን ግን መስታወት ላይ የለጠፈ አልታየም። እዚያ የተጻፈው ይህ የሚሆነው በባቢሎን 70 ዓመት ሲፈጸም ነው የሚል ነው። ተስፋው ቀጠሮ ነበረው።

ቃሉ ከደብዳቤ የተወሰደ ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የይሁዳን ንጉሥ ኢኮንያንን፣ አለቆቹን፣ ጠራቢዎቹንና ብረት ሠሪዎቹን ማርኮ ወሰደ፤ ኤርምያስም ከኢየሩሳሌም ጻፈላቸው። ባቢሎን በፋርሱ ቂሮስ እጅ የወደቀችው በ539 ነው። ሲማረክ 30 ዓመቱ የነበረ ሰው ያን ቀን ለማየት 88 ዓመት መኖር ነበረበት። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ተባለ? ቤት ሥራ፣ ተቀመጥበት። አትክልት ትከል፣ ፍሬውን ብላ። ልጆችህን ዳር፣ ኳል። የተማረክህባትን ከተማ ሰላም ፈልግ፣ ጸልይላት፣ በእርሷ ሰላም አንተም ሰላም ታገኛለህና። ትእዛዙን ልብ በሉት፦ ወይን ወይም በለስ ተክሎ ፍሬውን ለመብላት ዓመታት ያስፈልጋሉ። ችግኝ የሚተክል ሰው ሻንጣውን ሸክፎ በር ላይ አይቆምም።

ሕዝቡ የወደደው ግን ሌላውን ነበር። ከኢኮንያን በኋላ በነገሠው በሴዴቅያስ በ4ኛው ዓመት በ5ኛው ወር የገባዖኑ ሐናንያ በቤተ መቅደስ ቆሞ «በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» አለ፤ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ አንገቱ ላይ ያደረገውንም የእንጨት ቀንበር ሰበረ። ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰው «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። የምሥራቹን አልጠላም። ሰላም የሚናገር ነቢይ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው አለና መንገዱን ሄደ። ሐናንያ በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ፤ 70ው ዓመት በ2 አልተቀየረም።

ሐናንያዎች ዛሬም አሉ፣ የምትፈልጓቸውም እናንተው ናችሁ። በ21 ቀን ቪዛ፣ በ7 ቀን ቤት፣ «ዘር ዝራ» ተብሎ በብድር የሚሰጥ ገንዘብ። ከሁሉ የሚከፋው «ካመንህ መድኃኒትህን ጣል» የሚለው ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ያንሰራራል፣ ደጋግሞ ማቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ይከፍታል። ኢንሱሊን ሳይወስድ መኖር የማይችል የስኳር ሕመምተኛ ካቆመ በቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ መክረው ነበር። ምክሩ ዛሬም አላረጀም።

ትንቢት ተናገርሁ የሚል ሲመጣባችሁ ደብተር አውጡ። ማን ተናገረ፣ ምን አለ፣ በስንት ቀን ይሆናል አለ፣ ማን ሰማ? ቀን ጻፉበት፣ ምስክር አስፈርሙበት፣ ቀኑ ሲያልፍ ገልጣችሁ አሳዩት። ይህ አለማመን አይደለም፤ ዘዳግም 18፥22 ያልሆነውን ቃል እግዚአብሔር አልተናገረውም፣ አትፍራው ይላል። ከመጽሐፍ ለሚጠቀስላችሁም ያው ነው፦ ለማን ተባለ፣ በምን ቅድመ ሁኔታ፣ መቼ ይሆናል? ዘዳግም 28 በረከቱን ሲዘረዝር «ብትሰማ» ብሎ ይጀምራል። ፊልጵስዩስ 4፥19 የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላል የሚለው በችግሩ ጊዜ ለጳውሎስ እርዳታ ለላኩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ዕብራውያን 13፥5 «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» ሲል ግን ቀን አልቆረጠም፤ ስለዚህ ኪሳችሁ ባዶ በሆነበት ዕለትም ይሠራል። ብዙዎቻችሁ ቀን ባልተቆረጠለት ላይ ቀን ትቆርጣላችሁ፣ ቀኑ ሲያልፍም እግዚአብሔርን በሐሰት ትከሳላችሁ።

ደግሞ «ቀኑ ሲደርስ ራሱ ያደርገዋል» ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ዳንኤል የ70ውን ዓመት ቁጥር ከኤርምያስ አንብቦ ካስተዋለ በኋላ ማቅ ለብሶ፣ አመድ ነስንሶ ጾመ፣ ጸለየም። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክም ኤርምያስን ከጭቃ ጉድጓድ ያወጣው 30 ሰው ይዞ፣ ገመድ ጥሎ፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ አውርዶለት ነው። ነፍሱ እንደምትተርፍ ቃል ሲገባለት የተሰጠው ምክንያት «በእኔ ታምነሃልና» የሚል ነበር። እምነቱ ጨርቁን ሳይቀር አስቦ ነበር ማለት ነው።

በተስፋ ላይ መታመን ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ኤርምያስ 32ን አንብቡ። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበዋል፣ ነቢዩ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ ሐናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ከበባ ላይ ባለች ከተማ መሬት የሚገዛ ማን ነው? ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዘነ (በዛሬ ሚዛን 200 ግራም ገደማ)፣ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አቆመ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። «ከተማይቱ በጠላት እጅ እየወደቀች እንዴት መሬት ግዛ ትለኛለህ» ብሎ በጸሎት የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄ ነበረው፤ ውሉን ግን አላዘገየበትም።

ከዚያ እርሻ አንድ ቁና እንኳ ማጨዱ አልተጻፈም። በመጨረሻ ያለ ውድ ወደ ግብፅ ተወሰደ። በዕዝራ 2 ከምርኮ የተመለሱት በየአገራቸው ሲቆጠሩ ግን ቁጥር 23 ላይ «የዓናቶት ሰዎች 128» ይላል።