«ይሄ ጀግና ነው ወይስ በሽተኛ?»

ነገሩን የለኮሰችው ነርሷ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ጀበና ቡና የሚፈላበት በረንዳ ላይ ተሰብስበናል። እሷ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭነው ልጅ፣ አንድ ባለባጃጅ፣ አንድ አስጎብኚ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና እኔ። ወሬው የሌሊት ወፍ ጭንብል ለብሶ ወንጀለኛ ስለሚያድነው ጀግና፣ በፈረንጆቹ 2022 ስለወጣው «ዘ ባትማን» ፊልም ነው። ማት ሪቭስ የሠራው፣ ሮበርት ፓቲንሰን የተጫወተበት። ልጁ ሰሞኑን ለሁላችንም ጭኖልን ስለነበር ያላየ አልነበረም።

«ፊቱ አይፈታ፣ እንቅልፍ የለው፣ ከሰው አይቀላቀል» አለች ነርሷ። «ጭንብሉን ሲያወልቅ ዓይኑ ዙሪያ የተለቀለቀውን ጥቁር ቀለም አያችሁት? እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣብኝ ‹አረፍ በል፣ ውሃ ጠጣ› ነው የምለው። ከተማ በአደራ አልሰጠውም።»

ልጁ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል አልቻለም።

«ሲፈጠርም እኮ እንዲህ ነበር! 1939 ላይ በወጣው የመጀመሪያው ኮሚክ፣ በሥዕል በሚተረከው መጽሔት፣ ባትማን ወንጀለኛውን በቡጢ ብሎ አሲድ ገንዳ ውስጥ ነው የሚከተው። ‹የእጁን አገኘ› ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ አካባቢ ሽጉጥም ይይዝ ነበር። ሰው አይገድልም የተባለው በኋላ ነው፤ አዘጋጆቹ ነገሩ በዛ ሲሉ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ተረከልን። አሜሪካ ውስጥ ኮሚክ ልጅ ያበላሻል የሚል ጩኸት መነሣቱን። አሳታሚዎቹ ራሳቸው 1954 ላይ የሳንሱር ደንብ ማውጣታቸውን። 1966 ላይ ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር «ፓው!» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ የሚፈነዳበት የቴሌቪዥን ድራማ መምጣቱን። «1997 ላይ ቀልዱ ከልክ አለፈና ፊልሙን ገደለው። 8 ዓመት ዝም አሉ። 2005 ላይ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን እንደገና ከሀ ጀመረው። ስለዚህ ጨለማው ፋሽን አይደለም። ወደ ቤቱ ነው የተመለሰው።»

«መጀመሪያ ስለነበረ ትክክል ነው ያለህ ማን ነው?» አለችው። «አሲድ ውስጥ መክተቱም ይመለስ ታዲያ?»

ልጁ ስኒውን አነሣ፣ አስቀመጠ። መልስ አላገኘም። «ኦሪጅናሉ እንዲህ ነው» የሚለው ክርክር በእውነት ሩቅ አይወስድም። ስለ ፊልም ሲወራ ግን ሁሌም የሚቀድመው እሱ ነው።

ባለባጃጁ የታሪኩ ሐረግ ግድ አልሰጠውም። «እኔ የወደድኩት ሲወድቅ ነው» አለ።

እንዴት አልነው።

«ከፖሊሶቹ ሊያመልጥ ፎቅ ጫፍ ላይ ወጣ አይደል? ቁልቁል አየ፤ አንዴ ደንገጥ አለ። ፈራ እኮ! ክንፍ ያለው ልብስ ለብሶ፣ ያ ሁሉ ጡንቻ እያለው፣ ፈራ። ከዚያ ዘለለ። ጃንጥላው ድልድይ ላይ ተያዘበት፣ ከአውቶብስ ጋር ተላተመ፣ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ተነሥቶ እያነከሰ ሄደ። የድሮዎቹ ቢሆኑ እንደ ንስር አርፈው ፀጉራቸውን ነበር የሚያበጥሩት። እኔ ይሄኛውን አመንኩት። መኪናውም መኪና ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ወጥቶ ይታያል። ጋራዥ ውስጥ ሰው የሠራው ነገር ነው፣ መንኮራኩር አይደለም።»

መምህሩ እስካሁን ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ እኔ ግማሹን አላየሁትም። አልወደድኩትም ማለቴ አይደለም፤ አልታየኝም። ዝናብ፣ ሌሊት፣ ጥቁር ልብስ። ድምፁን እየተከተልኩ ነው የጨረስኩት።»

«ጋሼ፣ በስልክ ነው እንዴ ያዩት?» አለ ልጁ።

«በልጄ ላፕቶፕ። በቀን፣ መስኮት ተከፍቶ።»

«አይ እሱማ! እሱ እኮ ለሲኒማ አዳራሽ ጨለማ የተቀረጸ ነው።»

«ይሁንልህ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የናፈቀኝ» አሉ። «ክሪስቶፈር ሪቭ ሱፐርማን ሆኖ የሠራውን እናስታውሳለን፤ የ1978ቱን። ሲበር ሰው ያጨበጭብ ነበር። ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል። አሁን የትኛው ቦታ ላይ ነው የሚጨበጨበው? 2013 ላይ ደግሞ ያንኑ ሱፐርማን አምጥተው የጠላቱን አንገት አስቆለመሙት። እኔና ሱፐርማን የዚያን ቀን ተለያየን።»

«ጋሼ፣ ያኛው ሰውዬ እኮ አንድ ቤተሰብ ሊያቃጥል ነበር! ምን ያድርግ? ደግሞ ከገደለው በኋላ እንዴት እንደጮኸ አላዩም?»

«ጩኸቱን ሰምቻለሁ ልጄ። ግን መውጫውን ማን ዘጋበት? ደራሲው ነው። በሩን ሁሉ ቆልፎ ‹ምን ምርጫ ነበረው› ማለት አይቻልም።»

ይህን ሲሉ ልጁ ራሱ ሳቀ። ተሸነፍኩ ባይልም ነገሩ እንደገባው ያስታውቃል። እኔም ስለዚያ ፊልም ሲነገር ከሰማሁት ሁሉ ይህ አነጋገር ይበልጥብኛል።

ነርሷ ወደ እኛው ፊልም መለሰችን። የእህቷ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳው ላይ የሌሊት ወፏ ምልክት አለች፤ ቅዳሜ ገበያ የተገዛች። ልጁ ባትማንን አያለሁ ብሎ ስላስቸገረ ታላቅ ወንድሙ ከፈተለት።

«መጀመሪያው ላይ ከንቲባው ቴሌቪዥን እያየ ነው፤ ታስታውሳላችሁ?» አለች። «ክፍሉ ጨለማ ነው። ከኋላው ሰው ቆሟል። ሙዚቃ የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ካሜራውም አይነግርህም፤ ዓይንህ ራሱ ነው ፈልጎ የሚያገኘው። ከዚያ ሰውየውን ፊቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ከእናቱ ጋር ነው ያደረው። ቦርሳውን ለእሱ ይሸጡለታል፤ ፊልሙን ግን ለእሱ አልሠሩትም።»

ለዚህ ማንም የሚመልስ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ይጠንቀቅ ብለው ነው ያወጡት። ያ ማስጠንቀቂያ ግን ፍላሽ ላይ ተጭኖ አይመጣም።

«ደግሞ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨለማና እውነት ካማረኝ ሥራዬ ላይ አለልኝ። እዚህ አገር አሁን ያለው አይበቃም? ማታ ቤቴ ስገባ የሚበር ሰው ነው ማየት የምፈልገው። አንድ ሰው ከላይ መጥቶ ‹አይዞሽ› ቢለኝ ምን አለበት?»

ትንሽ ዝም አልን። ቶናው ተቀዳ።

ዝምታውን የሰበረው አስጎብኚው ነው። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ አብዛኛውን ቀኑን እዚያ በረንዳ ላይ ነው የሚያሳልፈው።

«እኔ የሚገርመኝ» አለ፣ «እኛ ጎንደሬዎች ጨለማ ያለበት ጀግና አይገባንም ስንል ነው። እስቲ ወደ አደባባዩ ተመልከቱ። ማን ነው የቆመው? መይሳው ካሳ። ይህችን ከተማ ያቃጠላት ማን ነው? እሱው። በ1859 ዓ.ም.። አብያተ ክርስቲያናቱን አዘርፎ እሳት ለቀቀባት። እኛ ግን ሐውልት አቆምንለት፤ አውሮፕላን ማረፊያችንን በስሙ ጠራን። እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም እነግረዋለሁ። ‹እንዴት ትወዱታላችሁ?› ይለኛል። እንወደዋለን! የዚሁ የጎንደር ልጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ልብ ወለዱን ‹የቴዎድሮስ እንባ› ያለው እኮ ኖላን ከመምጣቱ ከስንት ዘመን በፊት ነው። ሰይፉን አላለም፣ እንባውን አለ።»

መምህሩ ተቆጡ። እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«አንተ ልጅ፣ መይሳውን ከጭንብል ለባሽ ጋር አታወዳድር! እሱ የሚመለስበት ቪላ፣ የሚያገለግለው አሽከር ያለው የሀብታም ልጅ አልነበረም። ከቋራ ተነሥቶ የተበታተነ አገር ሊሰበስብ የተነሣ ሰው ነው። ያቃጠለው ቤት የእውነት ቤት ነው፤ ያለቀሰው ሕዝብ የእውነት ሕዝብ ነው። ዕዳውንም በራሱ ነፍስ ከፈለ፤ በዓመት ከመንፈቁ ገደማ፣ መቅደላ ላይ። ፊልም ቢያልቅ መብራት ይበራል። ጎንደር ግን ከዚያ ወዲህ የመናገሻነት ክብሯ አልተመለሰላትም።»

«እኔም እኮ የምለው እሱን ነው ጋሼ» አለ አስጎብኚው። «ዕዳ ያለበት ጀግና ነው የሚገባን።»

«ገብቶህ ከሆነ ጥሩ» አሉና ቡናቸውን ጨለጡ። ባለባጃጁ ስልኩ ጠርቶ ሄደ። ክርክሩ በዚያው ቀዘቀዘ፤ ማንም ማንንም አላሳመነም።

እኔ ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። በማታ፣ መብራት አጥፍቼ። መምህሩም እንዲህ ቢያዩት ብዙ ነገር ይታያቸው ነበር።

ፊልሙ እንከን አለው። 176 ደቂቃ ይረዝማል፤ መሃል ላይ የማፍያዎቹ ጉዳይ ሲተረተር ያደክማል። ከሁሉ ያበሳጨኝ ደግሞ የባትማን አባት ነገር ነው። ደጉ አባት ቶማስ ዌይን አንድን ጋዜጠኛ እንዲያስፈራራለት ወንበዴ ዘንድ ሄዷል፤ ጋዜጠኛው ተገድሏል። ባትማን የሚያመልከው አባት ንጹሕ አልነበረም። ትልቅ ነገር ነበር ይህ። ግን ፊልሙ እዚያ ላይ ወኔው ከዳው። አሳዳጊ አሽከሩ አልፍሬድ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ነገሩን አለዘበው፤ አባትህ ሰውየው ይገደላል ብሎ አላሰበም፣ ለፖሊስ ሊናገር ነበር ብሎ። እውነታዊ ነኝ ያለ ፊልም እዚህ ላይ ነበር መጽናት የነበረበት።

ያም ሆኖ እኔ ከባለባጃጁና ከአስጎብኚው ጋር ነኝ። ምክንያቴ ዝናቡ ወይም ጥቁሩ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ፊታቸውን የተቀቡ ወጣቶች አንድ ሰው ይከባሉ። ባትማን ከጨለማ ይወጣል። «አንተ ማን ነህ?» ሲባል «በቀል ነኝ» ይላል። ይደበድባቸዋል። ወዳዳነው ሰው ዞር ሲል ግን ሰውየው መሬት ላይ ሆኖ «እባክህ አትጉዳኝ» ይለዋል። የዳነው ሰው አዳኙን ፈራው። ይህን ካዩ በኋላ ነርሷ የጠየቀችውን ጥያቄ ፊልሙ ራሱ ሲጠይቀው ይሰማል።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ጠመንጃ ይዘው ሕዝብ ሊፈጁ ከመጡት አንዱን ይዘው ጭንብሉን ይገፍፉታል። ማን ነህ? «በቀል ነኝ» ይላል ያም። የባትማን የራሱ ቃል ነው። ያን ቃል ይዞ በየሌሊቱ ከተማውን ሲያስፈራራ፣ ሌሎች ሰምተውት ነበር። ፓቲንሰን እዚህ ቦታ ላይ አንድም ቃል አይናገርም፤ ከጭንብሉ ውጭ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው፣ እሱ ግን በቂ ነው። ከዚያ አዳራሹ በጎርፍ ሲሞላ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቀይ ችቦ ያበራል። ሰዎቹን ከፍርስራሹ ስር እየመራ ያወጣቸዋል። ማንንም አይመታም። በነጋታው አንዲት የተጎዳች ሴት በአልጋ ወደ ሄሊኮፕተር ስትነሣ ክንዱን ይዛ አልለቅም ትለዋለች።

«እባክህ አትጉዳኝ» ከሚለው ሰው ተነሥቶ ክንዱን እስከያዘችው ሴት ድረስ ያለው መንገድ ነው ለእኔ ይህን ፊልም ከቀድሞዎቹ የሚያስበልጠው። የሚበረው ጀግና ይህን መንገድ መሄድ አያስፈልገውም፤ ገና ሲመጣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ነርሷ ማታ ቤቷ ገብታ እሱን ብታይ አልፈርድባትም፤ ድካሟን አውቀዋለሁና። ስለ እህቷ ልጅም ሙሉ በሙሉ እውነቷን ነው። ፊልሙን ለጫነው ልጅ ከዚህ በኋላ ለቤተሰብ ሲጭን ለሕፃን እንደማይሆን በቃል እንዲናገር ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።

ሁለተኛው ክፍል እየተዘጋጀ ነው። ሪቭስ እኔን ቢሰማኝ የምጠይቀው ባቡር ጣቢያው ላይ የተደበደቡትን ልጆች ነው። አንዱ ፊቱን ግማሹን ብቻ ነበር የተቀባው፤ ገና ወደ ቡድኑ ሊገባ የሚፈተን ልጅ ነው። አጥንታቸው ሲሰበር አይተናል። ማን እንደጠገናቸው፣ ሲድኑ ወዴት እንደሄዱ ግን አላየንም። ያን የሚያሳይ ባትማን ከመጣ ነርሷን ራሴ ጋብዤ አሳያታለሁ።